እኔ የሾምኩት ኮሎኔል

ትኩስ ካውያ እርጥብ ሱፍ ላይ ሲያርፍ የሚወጣውን ሽታ ልብስ ሰፊ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስተነፍሰው ስለኖርኩ ጭራሽ አይሰማኝም ብል ይቀለኛል። ባለፈው ጊዜ ግን፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለችው ጠባብ ሱቄ ውስጥ የአንዲት ልጅ ሱሪ ስተኩስ ሽታው በድንገት ታወቀኝ። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሱፍ ነው። እንደዚሁ ያለ ሱፍ፣ ከሞላ ጎደል በዚሁ ቀለም፣ ከጀርባዬ ባለው ዘንግ ጫፍ ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ ሃያ ዓመት ገደማ ተሰቅሏል። የዚያ ሱፍ ባለቤት የዚችው ልጅ አባት ነው። ልጅቷ ግን ይህን አታውቅም፤ ከመስኮቱ አጠገብ ቆማ ስልኳን ትነካካለች።

ማህደር ትባላለች። ሦስት ዓመቷ ሳለ እናቷ ሥራ ስትገባ እኔ ጋ ትተዋት ነበርና ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር የገበር ቁርጥራጭ አንጥፋ ትተኛ ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ኢንጂነር ሆናለች። ሳያት ደስ ይለኛል፤ ደስታው ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎትትብኛል።

«ጋሼ፣ ሱሪው ረዝሞብኛል፣ እሱን ብቻ ሄም አድርግልኝ፤ ኮቱ ልኬ ነው» አለችኝ። «ሰኞ እንደገና ኢንተርቪው አለኝ።»

«ሥራውን አገኘሁ አላልሽም እንዴ?»

«ሥራውንማ አግኝቻለሁ። ይሄ የክሊራንሱ ነው። ሃውቶርን ነው፣ አባዬ ድሮ ይሠራበት የነበረው ሰፈር። ሶ፣ ክሊራንሱ ካልመጣ ኦፈሩን ያነሱታል።»

ክሊራንስ የሚሉት የመንግሥት ምስጢር ያለበት ሥራ ላይ ለመግባት የሚሰጠውን ፈቃድ ነው። ቃሉን እኔ ለማወቅ የፈለግሁበት ቀን የለም፤ ግን ከማውቃቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ እንደ እሱ የከበደኝ የለም። ካውያውን አነሳሁና በእግሩ አቆምኩት። እንፋሎቱ ፊቴን ሲሸፍነው ልጅቷም፣ መስኮቱም፣ መንገዱም ጠፉብኝ።

ያኔ፣ ከሃያ ዓመት በፊት፣ ይህ ጎዳና እንዲህ በሰው አፍ የገባ አልነበረም። የእኛ ሰው የከፈታቸው ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እኔ ሱሪ የማሳጥረው በስድስት ዶላር ነበር፤ ለቸኮለ ሰው በሰባት። መኪና ለማቆም አንዲት ሳንቲም ጣል ካደረጉ አንድ ጉዳይ ፈጽመው ይመለሱ ነበር፤ ዛሬ በዚያች ሳንቲም ሞተሩን አጥፍተው ከመኪናው መውረድም አይችሉም። ወንዶቹ ትከሻው የሰፋ፣ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ያለው ኮት ይወዱ ነበር፤ ሱሪው ደግሞ ጫማው ላይ ተኝቶ እንዲታጠፍ። «ጋሼ ውብሸት፣ ትንሽ ይተኛ» ይሉኛል። አሁን የማህደር እኩዮች ቁርጭምጭሚታቸው ካልታየ አይወዱም። ጎረቤቴ ካሴት ሻጭ ነበር። ግድግዳው ስስ ስለነበር እሱ የከፈተውን እኔም እሰማለሁ፤ ጭፈራ ሲከፍት የስፌት መኪናዬ ሳላውቀው ይፈጥናል፣ ትዝታ ሲከፍት ይዘገያል፤ በዚያን ጊዜ የሰፋሁትን ልብስ ስፌቱን አይቶ የትኛው ዘፈን እንደነበር የሚነግረኝ ሰው ቢኖር አምነው ነበር። የስልክ ካርድ ደግሞ አምስት ዶላር ነበር። ፊቱ ላይ አንድ ሰዓት ያወራል ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሃያ ደቂቃ ካወራ ምርቃት ነው። ጀርባውን በሳንቲም ፍቀን፣ ያንን ሁሉ ቁጥር ነካክተን፣ «ሃሎ! ይሰማል?» እያልን ግማሹን የምንጨርሰው በመጮህ ነበር።

ከማህደር አባት ከጌታሁን ጋር ያገናኘኝ የመዘምራን ልብስ ነው። እሱና ዳንኤል የሚባለው ጓደኛው በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ የሚያመልኩ ጴንጤዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ዲቪ ደርሷቸው በአንድ ሰሞን የመጡ ናቸው። አሥራ ስምንት የመዘምራን ካባ ይዘው መጡና አንገቱ ይጠብባል አሉኝ። ጌታሁን ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ ነበር። ዳንኤል ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ሁለት ሰው የሚያወራውን እሱ ብቻውን ያወራዋል። ጌታሁን ሲያገባ ሚዜው ዳንኤል ነበር፤ የሁለቱንም ሱፍ እኔ ነኝ ያስተካከልኩት። ከዚያ ወዲያ ጌታሁን እሑድ እሑድ ከጸሎት ሲወጣ እኔ ጋ ይመጣና ሱቁ ጸጥ ስለሚል እናቱ ጋ ይደውላል። እኔ የተረፈ ሥራ እየሰፋሁ እሰማለሁ። «እሺ እማዬ። እሺ። ምን ገዶኝ። እልካለሁ። እሺ» ይላል። ሁልጊዜ እሺ ነው። አንድ ቀን ከአገር ቤት የመጣለትን ፎቶ አሳየኝ። ዩኒፎርም የለበሰ ጠና ያለ ሰው ነው። «ታላቅ ወንድሜ ነው» አለኝ። የአክስቱ ልጅ መሆኑን አውቃለሁ፤ አንድ ቤት ያደጉ ናቸው፤ እኛ ዘንድ ይኼ ወንድም ካልተባለ ማን ይባላል? እኔ ሰውየውን አላየሁትም፣ ልብሱን ነው ያየሁት። ትከሻው ላይ ወርቀ ዘቦ ወርዷል፣ ደረቱን የወርቅ ገመድ አቋርጦታል፣ ቁልፎቹ ሁለት ረድፍ ናቸው፣ አንገቱ ቆሞ ተሰፍቷል። እንደዚያ ያለ ስፌት ሠርቼ አላውቅም። ምን እንደሚሠራ አልጠየቅሁትም፤ ሹመቱን ከልብሱ አነበብኩ። «ይኼማ ኮሎኔል መሆን አለበት» አልኩት። ጌታሁን አፉን ሸፍኖ ሳቀ። የሳቀበትን ምክንያት ብጠይቀው ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

ሃውቶርን የሚሠራበት ቦታ የሳተላይት ዕቃ የሚያመርት ነበር፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ጌታሁን ብረት የሚቆርጥ ማሽን ላይ ነበር። እጁ ጥሩ ሆኖ ስለተገኘ ከሁለተኛው በር ወዲያ ወዳለው ክፍል ሊያሳድጉት ፈለጉ። ከዚያ በር ወዲያ ግን ያለ ክሊራንስ አይገባም። ከመጽሐፍ የማይተናነስ ፎርም ይዞ መጣና እዚሁ መቁረጫዬ ላይ ዘርግቶ ሞላው። የኖረበትን ቤት ሁሉ፣ የሠራበትን ሁሉ፣ ውጭ አገር ያለውን ዘመድ ሁሉ ይጠይቃል። ወንድም የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ «የለም» ብሎ ጻፈ። ልክ ነው፤ እናቱ የወለደችው እሱን ብቻ ነው። ስለ ጠባዩ የሚመሰክሩለት ሦስት ሰዎች አስገባ፤ እኔን፣ ዳንኤልን፣ አንድ አብሮት የሚሠራ ፈረንጅ። ያኑ ዕለት ሱፍ ገዝቶ አመጣልኝ። «አዲሱ ክፍል የምገባ ቀን እለብሰዋለሁ ጋሼ። እዚያ ሁሉም ሱፍ ነው የሚለብሱት ይባላል» አለኝ። ለካሁት። ቶሎ አስተካክዬ ዘንጉ ላይ ሰቀልኩለት።

ፎርሙን የሚያጣራው የመንግሥት መርማሪ የመጣው በሳምንቱ አይደለም፤ ብዙ ቆይቶ ነው፣ እንዲያውም ረስቼው ነበር። ጠዋት ገና በሩን ስከፍት አንድ ረዥም ሰው መታወቂያውን ገልጦ አሳየኝ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት የሱሪውን ጫፍ ነው፤ በግራ ተረከዙ ላይ ስፌቱ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። «አውልቅና ሁለት ደቂቃ ነው» አልኩት። አይቻልም አለ። ሻይ ልጥራልህ አልኩት፣ አይቻልም አለ። ወንበር ሰጠሁት፣ ቆሜ ይሻለኛል አለ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተሳሳተብኝ። እኔ በዚህ ጎዳና ላይ ስንት ጊዜ ሽማግሌ ተልኬ ልጅ ጠይቄያለሁ፣ ስንት ጊዜም ስለ ልጅ ተጠይቄያለሁ። እኛም የሰው ቤት ስንገባ ነገሩ እሺ ካልተባለልን አንቀመጥም፣ አንቀምስም። ቆሞ የሚጠይቅ፣ ሻይ የማይጠጣ፣ «የማን ልጅ ነው? ዘመዶቹ እነማን ናቸው?» የሚል ሰው ሳይ ልቤ ሌላ ምን ይበለው? ለጌታሁን መንግሥትን የምድርለት መሰለኝ።

እንግሊዝኛዬ ያኔ ከዛሬው የባሰ ነበር፤ ለሙገሳ ግን በቅቶኛል። ይጠጣል ወይ አለኝ፤ ጠረኑንም አይወድም አልኩ። ሐቀኛ ነው ወይ፤ አሥራ ስምንት ካባ ቆጥሮ ሰጥቶኝ አሥራ ዘጠኝ ብሰጠው ትርፏን የሚመልስ ነው አልኩ። ውጭ አገር ቤተሰብ አለው ወይ ሲለኝ ደረቴን ነፋሁ። ልጁ ሜዳ ላይ የወደቀ እንዳይመስለው ነዋ! እንዴታ፣ ዘመደ ብዙ ነው አልኩ። በየስንት ጊዜው ይገናኛሉ? በየሳምንቱ፣ አንድ እሑድ አያስታጉልም፣ እኔ ምስክር ነኝ። ቤተሰቡ አንድ ነገር ቢጠይቁት ምን የሚያደርግ ይመስልዎታል? ይቺን ስጠየቅ ሰውየው የልጁ ደግነት ገብቶታል አልኩ በልቤ። «ቤተሰቡ የጠየቀውን እምቢ ብሎ አያውቅም። እምቢ ማለት አይችልም» አልኩት። ጻፈ። ደብተሩን ሊዘጋ ሲል ሌላ የሚጨምሩት ነገር አለ ወይ አለኝ። ለመጨረሻው ያስቀመጥኩትን ያኔ አወጣሁ። ታላቅ ወንድሙ ጦር ሠራዊት ውስጥ ኮሎኔል ነው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ፎቶውን በዓይኔ አይቻለሁ አልኩት። ሰውየው ደብተሩን እንደገና ከፈተ። ሲወጣ አመሰገነኝ። የዚያን ቀን በደስታ ምሳ አልበላሁም።

ለጌታሁን ነገርኩት። «መጥቶ ነበር፤ ጥሩ ጥሩውን ነው የነገርኩልህ» አልኩት። እውነቴን ነበር። ጥሩ ጥሩውን ነበር።

ደብዳቤው ሲመጣ ዓመት አልፎ ነበር። ጌታሁን የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ገባና ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ክሊራንሱን ለመከልከል ያሰቡበትን ምክንያት ዘርዝረውለታል። አንዱን ቦታ በጣቱ እየተከተለ ተረጎመልኝ፦ በውጭ አገር ጦር ሠራዊት ውስጥ ከፍተኛ መኮንን የሆነ ወንድም እያለው በፎርሙ ላይ ሸሽጓል። ከቤተሰቡ ጋር በየሳምንቱ ይገናኛል። ቤተሰቡ የጠየቀውን እምቢ ማለት አይችልም።

ቃል በቃል የኔ ነው። የሰፋሁትን ልብስ ሌላ ሰው ለብሶት ስመለከት የራሴን ስፌት እንደማውቀው፣ አወቅሁት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ምን ማለታቸው ነው ጋሼ? የምን መኮንን? ወንድሜ እኮ ጥሩምባ ነፊ ነው!» አለኝ። «የጦሩ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ነው ያለው። ሰልፍ ሲኖር ጥሩምባ ይነፋል፣ ሌላ ጊዜ ዶሮ ያረባል!»

ለካ የባንድ ልብስ ከጄኔራል ልብስ ይበልጥ ያብለጨልጫል። ይህን ልብስ ሰፊ ሆኜ ሳላውቅ ቀረሁ።

«ጠላት ነው ያለብኝ» አለ ጌታሁን። «የሚያውቀኝ ሰው ነው የነገራቸው። ስለ ወንድሜ የሚያውቅ እዚህ አገር ማን አለ? ዳንኤል ነው። እሱም እዚያ አመልክቶ አልወሰዱትም። ቀንቶ ነው።»

ያኔ አፌን መክፈት ነበረብኝ። ከፈትኩትም። የወጣው ግን «ተው፣ ሰውን እንዲህ አትጠርጥር» የሚል የሽማግሌ ወግ ነው። መልስ እንዲሰጥበት ጥቂት ሳምንት ሰጥተውት ነበር። «አንድ ደብዳቤ ይጻፉልኝ» አለኝ። «ወንድም እንደሌለኝ፣ ያም ሰው የአክስቴ ልጅ እንደሆነ፣ ጥሩምባ ነፊ እንደሆነ ይመስክሩልኝ። ከርስዎ ሌላ ታላቅ የለኝም።»

ባለቤቴ አልማዝ ያን ጊዜ አገር ቤት ነበረች። እሷን የማስመጣበት ወረቀት ገና በመንግሥት እጅ ነው፤ ስድስት ዓመት ተለያይተናል። ፊት ኮሎኔል ነው ብዬ ኋላ ጥሩምባ ነፊ ነው ብል፣ ለመንግሥት ውሸት ተናግሯል ብለው የእሷን ወረቀት ቢጥሉትስ? ይህ ይሆን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጠበቃም አልጠየቅሁም። ፈራሁ። ፈሪ ነበርኩ። «የአልማዝ ጉዳይ አላለቀም፤ አሁን ስሜ መንግሥት ቤት እንዲነሳ አልፈልግም» አልኩት።

ጌታሁን ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ይገባኛል ጋሼ» አለኝ። ቅር እንኳ አላለውም። ቢሰድበኝ ኖሮ ምን ነበረበት።

ያለ ምስክር የጻፈው መልስ ተቀባይነት አላገኘም። ከሁለተኛው በር ወዲህ እንደቀረ ጥቂት ጊዜ ሠራ፤ ከዚያ ሰው ሲቀንሱ እሱም ተቀነሰ። ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ መኪና መንዳት ጀመረ፣ ቤት ወደሚረክስበት ወደ ቫን ናይስ ሄደ፣ እስከ ዛሬም ይነዳል። ከዳንኤል ጋር ያን ጊዜ እንደተለያዩ ቀሩ። ዳንኤል ሰላም ሊለው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እጁን ዘርግቶ እንደቀረ የነገሩኝ ብዙ ናቸው፤ ሌላ ጸሎት ቤት ቀየረ። እኔ ይህን ሁሉ እየሰማሁ ጨርቅ እቆርጥ ነበር። ሱፉን ጌታሁን ሊወስደው አልመጣም። «ይቆይልኝ» አለ አንድ ቀን፣ ከዚያ ወዲያ አላነሳውም። ዘንጉ ላይ ያለው ልብስ ሁሉ ስንት ጊዜ ሲቀያየር እሱ ብቻ ጫፍ ላይ ቀረ።

አልማዝ መጣች። የመጣች ሰሞን ነገርኳት። ሱፉን አንድ ጊዜ አይታ «እኔ የመጣሁት በዚህ ሰው እንጀራ መሆኑን ባላውቅ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። በየዓመት በዓሉ «ነገርከው?» ትለኛለች። እኔም «እነግረዋለሁ» እላለሁ። ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። በመጨረሻዋ ሰሞን መጠየቁን ትታው ነበር፤ እሱ ነው የበለጠ የከበደኝ።

እንፋሎቱ ሲበተን ማህደር አሁንም መስኮቱ አጠገብ ናት። ስልኳን አስቀምጣ ወደኔ ዞራለች።

«ጋሼ፣ ላስቸግርህ ነው። እንድትመሰክርልኝ ስምህን ሪፈረንስ አድርጌ አስገብቻለሁ። አባዬ ነው ያለኝ። ጋሼ ውብሸትን ጻፊ፣ እኛን ከሱ በላይ የሚያውቀን ሰው የለም አለኝ።»

ሱሪውን አገላብጬ ሌላውን እግር አስተካከልኩ።

«አንድ ነገር ደግሞ አለ። ባለፈው ሲያናግሩኝ ሰውየው አባትሽ ወታደር ወንድም አለው ወይ ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ። የለውም አልኩት። ግን ያመነኝ አልመሰለኝም። አባዬን ስጠይቀው ፊቱ ተለዋወጠ፣ አሮጌ ነገር ነው፣ ተይው አለኝ። ኦኬ፣ ምንድነው እሱ? አንተ ታውቃለህ?»

«ሱሪሽ ቅዳሜ ይደርሳል» አልኳት።

«ጋሼ!»

«ቅዳሜ ቤታችሁ አመጣዋለሁ። አባትሽ ይኖራል?»

ገርሟት ሄደች። እኔ ልብስ ለሰው ቤት አድርሼ አላውቅም።

ቅዳሜ አሮጊቷን መኪናዬን አስነስቼ ወደ ቫን ናይስ ሄድኩ። ፍሪዌዩ ተዘግቶ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ፤ ምነው ሦስት በሆነ ብዬ ነበር። ጌታሁን ከአፓርትማው በታች መኪናውን እያጠበ ነው። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ወፍሯል። ሲያየኝ እጁን በሱሪው ጠርጎ ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ። «ጋሼ! እርስዎ መጥተው? ምነው እኔን አይጠሩኝም? ይግቡ፣ ይግቡ።» አልገባም አልኩት። ቆሜ ነው የምናገረው አልኩት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ የመርማሪውን ሱሪ፣ ፎቶውን፣ ወርቀ ዘቦውን፣ እምቢ ማለት አይችልም ያልኩትን፣ የአልማዝን ወረቀት። ውሃው ከቱቦው እየፈሰሰ ነበር፤ ሁለታችንም አልዘጋነውም።

ስጨርስ መኪናውን ተደገፈ። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ ስለ ሥራው፣ ስለ ሃያ ዓመቱ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር።

«ዳንኤል አልነበረም?» አለኝ።

«አልነበረም።»

«እናቱ ስትሞት ሰው ልኮብኝ ነበር። ለቅሶ አልደረስኩትም» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ውሃውን ዘጋ። «ልጄን ደግሞ ይጠይቋታል። ያንኑ ፋይል አውጥተው ነው የሚጠይቋት።»

«ሲመጡ እኔ እነግራቸዋለሁ። ውሸት የገባው በኔ አፍ ነው፣ በኔው አፍ ይወጣል።»

«ይንገሯቸው» አለኝ። የማህደርን ሱሪ ከእጄ ተቀበለና ደረጃውን ወጣ። ይግቡ አላለኝም።

መርማሪዋ የመጣችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አሁን ወጣት ሴት ናት፤ ሱሪዋ ምንም እንከን የለበትም። እሷም ወንበር አልፈለገችም። ስለ ማህደር የጠየቀችኝን በአጭሩ መለስኩ፤ ያየሁትን አየሁ፣ ያላየሁትን አላውቅም። አላውቅም የሚለው ቃል እንዲህ ቀላል መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ነው ያወቅሁት። ከዚያ ሌላ የሚጨምሩት አለ ወይ አለችኝ። አለ አልኩ። የልጅቷ አባት ወንድም የለውም፤ ያ ኮሎኔል ጥሩምባ የሚነፋ የአክስቱ ልጅ ነው፤ ኮሎኔል ያልኩት እኔ ነኝ፣ እዚሁ ቦታ ላይ ቆሜ። በየእሑዱ የሚደውለው እናቱ ጋ ነበር፣ እናቱም ካረፉ ቆይተዋል። ለምን እንደዚያ አሉ አለችኝ። ልጁን ላስከብር ብዬ ነው አልኳት። ለምን ያኔ አላረሙትም አለችኝ። ፈርቼ ነው አልኳት። ጻፈች።

ክሊራንሱ ለማህደር መጥቷል። የኔ ቃል ይርዳት አይርዳት የሚነግረኝ የለም፤ እነሱ ምክንያት የሚጽፉት ሲከለክሉ ብቻ ነው። ሱቅ ድረስ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አባቷ እንደነገራት ከዓይኗ አውቄያለሁ፤ እሷ ግን አላነሳችብኝም። «አባዬ ዳንኤል የሚባል ሰው ጋ ሄዶ ነበር» አለችኝ ብቻ። «ሁለቱም መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ሲያለቅሱ አየኋቸው። ጋሼ፣ አባዬ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።»

ትናንት ጌታሁን ራሱ መጣ። ሱቁ ውስጥ ከገባ ስንት ዓመቱ ነው። ልጁን ሥራ የምትጀምርበት ቀን ሊያደርሳት መሆኑን ነገረኝ። ያን ሱፍ ልለብሰው እችላለሁ ወይ አለ። ላስቲኩን ገፍፌ ሰጠሁት። ቀለሙ አልለቀቀም። ኮቱ ደረቱ ላይ አልገጥም አለ፣ ሱሪውም ወገቡ ጋ አልደርስ አለ። መስታወቱ ውስጥ አንድ ጊዜ አየና ወዲያው አወለቀው።

«ይሰፋል?» አለኝ።

«ያኔ ሳስተካክለው ከውስጥ ትርፍ ጨርቅ ትቼበታለሁ። ማክሰኞ ይደርስልሃል» አልኩት።

በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። በፊት ቢሆን ሁልጊዜ የሚላትን ቃል ጠበቅሁ፤ ጆሮዬ በሙሉ እሷኑ ነበር የሚጠብቀው።

«አመሰግናለሁ፣ አቶ ውብሸት» አለኝና ወጣ።

ሃያ ዓመት ጋሼ ያለኝ ሰው ነው። ለዚያ ስም የሚገባኝ ሰው ሆኜ አንድም ቀን ሳልውል ስጠራበት ኖሬያለሁና መውሰዱ ቅር ሊለኝ አይገባም። ቅር ብሎኛል ግን። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሱሪውን ፈትቼ አስፍቼ ጨርሻለሁ። ኮቱን ቀስ እያልኩ ነው የምሠራው። ማክሰኞ ሊወስደው ሲመጣ ምን ብሎ እንደሚጠራኝ አላውቅም።